ማንበብ ይቻላል፣ መጨመር አይቻልም፦ የፓይተን ፈንክሽንና የቫሪያብል ስኮፕ (ስሙ የሚታወቅበት ክልል)

ጥያቄው ይህ ነው፦ «የሱቅ ሽያጭ የሚደምር ትንሽ የፓይተን ፕሮግራም እየጻፍኩ ነው። ከፈንክሽኑ ውጭ ድምር የሚባል ቫሪያብል አለኝ። ፈንክሽኑ ውስጥ ፕሪንት ሳደርገው በትክክል ያሳየኛል። ዋጋ ልጨምርበት ስል ግን ‹አንባውንድ ሎካል ኤረር› ይለኛል። ሊስት ላይ አፔንድ ሳደርግ ደግሞ ያለ ምንም ችግር ይጨምራል። ግሎባል የሚለውን ቃል ሳስገባ ኤረሩ ጠፋ፤ ጓደኛዬ ግን ግሎባል አትጠቀም ይለኛል። ልዩነቱ ምንድን ነው? ማንስ ነው ትክክል?»

ጓደኛዎ ትክክል ነው። ምክንያቱን ለማየት ግን መጀመሪያ ኤረሩ ከየት እንደሚመጣ መረዳት ያስፈልጋል፤ ያ ከገባዎ የቀረው ሁሉ ይከተላል።

ስለ ኮዱ አንድ ነገር ላስቀድም። ፓይተን 3 የቫሪያብልና የፈንክሽን ስሞችን በፊደላችን መጻፍ ይፈቅዳል፤ ስለዚህ ድምር፣ ዋጋ፣ ሽያጮች የሚሉት ስሞች እንዳሉ ቢገቡ ይሠራሉ። የቋንቋው የራሱ ቃላት (ዴፍ፣ ሪተርን፣ ፎር፣ ኢን፣ ኢፍ፣ ግሎባል፣ ኖንሎካል፣ ላምዳ፣ ኢምፖርት)፣ እንዲሁም ፕሪንት፣ ሬንጅና አፔንድን የመሳሰሉት አብሮ ገብ ስሞች ግን የግድ በእንግሊዝኛ ሆሄ ይጻፋሉ። እዚህ በአማርኛ ያሰፈርኳቸው ለንባብ እንዲመች ነው።

የእርስዎ ኮድ በመሠረቱ ይህን ይመስላል፦

ድምር = 0

ዴፍ ጨምር(ዋጋ):
    ድምር = ድምር + ዋጋ

ጨምር(250)

ፓይተን አንድን ፈንክሽን ከማስኬዱ በፊት ሙሉውን አንብቦ ይተረጉመዋል። በዚያ ንባብ ላይ እያንዳንዱ ስም የፈንክሽኑ የራሱ ይሁን ወይም የውጭ ይወስናል። መለኪያው አንድ ነው፦ ፈንክሽኑ ውስጥ አንድም ቦታ ላይ ለዚያ ስም እሴት ከተሰጠ፣ ስሙ ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው ሎካል፣ ማለትም የፈንክሽኑ የራሱ ነው። ምንም ካልተሰጠው የውጭ ነው። ግሎባል ወይም ኖንሎካል እስካልተጻፈ ድረስ ሌላ ነገር አይታይም። ውጭ ተመሳሳይ ስም መኖር አለመኖሩም አይጠየቅም።

«ድምር = ድምር + ዋጋ» በሚለው መስመር ላይ ድምር ከእኩል ምልክቱ በስተግራ ስላለ ሎካል ሆኗል። ፈንክሽኑ ሲጠራ ግን መጀመሪያ የሚሰላው የቀኙ ወገን ነው። ፓይተን የሎካሉን ድምር እሴት ሊያነብ ይሄዳል፤ ገና ምንም አልገባበትም፤ ባዶ ነው። ወደ ውጭው 0 ዞሮ አይመለከትም፣ ውሳኔው አስቀድሞ አልቋልና። ኤረሩ የሚመጣው ከዚህ ነው። እስከ ፓይተን 3.10 ድረስ መልእክቱ «ሎካሉ ቫሪያብል እሴት ሳይሰጠው ተጠርቷል» የሚል ይዘት ነበረው። ከ3.11 ጀምሮ ቃላቱ ተቀይረው «ምንም እሴት ያልተያያዘበትን ሎካል ቫሪያብል ማግኘት አይቻልም» የሚል ሆኗል፤ ነገሩ ግን ያው ነው።

ውሳኔው በቅደም ተከተል እንደማይሄድ የሚያሳየው ይህ ነው፦

ዴፍ አሳይ():
    ፕሪንት(ድምር)
    ድምር = 5

እዚህ ኤረሩ የሚወጣው ፕሪንት ላይ ነው፤ ጥፋተኛው ግን ከእሱ በታች ያለው መስመር ነው። ብዙ ሰው ኤረሩ የተጠቆመበትን መስመር ሲያገላብጥ የሚውለው ለዚህ ነው። እንዲያውም «ድምር = 5» የሚለውን መቼም በማይሠራ ኢፍ ውስጥ ቢያስገቡት እንኳ ድምር ሎካል ከመሆን አያመልጥም። ስለዚህ ይህ ኤረር ሲመጣ ዓይንዎ የተጠቆመውን መስመር ትቶ ፈንክሽኑን በሙሉ ይቃኝ፤ ያ ስም ሌላ የት ቦታ እሴት ተሰጠው?

በዓይን ካልታየ ፓይተንን ራሱን መጠየቅ ይቻላል። ጨምር.__ኮድ__.ኮ_ቫርኔምስ ብለው ፕሪንት ቢያደርጉ የፈንክሽኑን ሎካል ስሞች ዘርዝሮ ይሰጥዎታል። ለላይኛው ኮድ ዋጋና ድምር ሁለቱም ይወጣሉ። የውጭ ነው ብለው ያሰቡት ስም እዚያ ዝርዝር ውስጥ ካገኙት ችግሩን አገኙት ማለት ነው። ጠለቅ ማለት ለፈለገ ዲስ የሚባለው ሞጁል አለ፤ ሎካል ስሞች «ሎድ ፋስት» በሚል በሚጀምሩ ትእዛዞች፣ የውጭዎቹ ደግሞ «ሎድ ግሎባል» በሚል ሲነበቡ ያሳያል።

እሴት መስጠት ሲባል የእኩል ምልክቱ ብቻ እንዳይመስልዎ። += እና መሰሎቹ፣ የፎር ሉፕ ቫሪያብል፣ ፈንክሽን ውስጥ የተጻፈ ኢምፖርት፣ ፈንክሽን ውስጥ የተጻፈ ሌላ ዴፍ ወይም ክላስ፣ ከዊዝና ከኤክሴፕት ጋር የሚመጣው አዝ፣ ዴል ጭምር፣ እነዚህ ሁሉ ስሙን ሎካል ያደርጉታል። ከእነዚህ በጣም የሚያደናግረው ኢምፖርት ነው። ከፋይሉ ራስጌ ላይ ማዝ ሞጁልን ኢምፖርት አድርገው፣ ፈንክሽኑ መሃል አንድ ኢፍ ውስጥ እንደገና ኢምፖርት ቢያደርጉት፣ ከዚያ በላይ ያለው የማዝ አጠቃቀም ሁሉ በዚያው ኤረር ይወድቃል። የኤክሴፕት አዝ ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው፦ ብሎኩ ሲያልቅ ስሙን ይሰርዘዋል። ኤረሩን ቆይተው ሊያዩት ከፈለጉ ብሎኩ ውስጥ እያሉ ለሌላ ስም ይስጡት።

አሁን ማንበቡ ለምን እንደሠራ ግልጽ ነው። ፈንክሽኑ ድምርን ፕሪንት ብቻ ካደረገ እሴት የሰጠ የለም፤ ስሙ ሎካል አይደለም። ያኔ ፓይተን ፈንክሽኑ በሌላ ፈንክሽን ውስጥ ተጽፎ ከሆነ ወደዚያ ይወጣል፣ ቀጥሎ ወደ ፋይሉ፣ በመጨረሻም እንደ ፕሪንት፣ ለን፣ ሰም ያሉ አብሮ ገብ ስሞች ወደሚቀመጡበት። የትም ካጣው «ኔም ኤረር» ይላል።

ፍለጋው የሚከተለው ፈንክሽኑ የተጻፈበትን ቦታ ነው። የተጠራበት ቦታ አይታይም። ይህ ብዙ ጀማሪዎችን ያሳስታል፦

ታክስ = 15

ዴፍ አስላ(ዋጋ):
    ሪተርን ዋጋ * ታክስ / 100

ዴፍ ሥራ():
    ታክስ = 2
    ሪተርን አስላ(1000)

ሥራ() 150.0 ይመልሳል። 20.0 አይደለም። አስላ የተጻፈው ፋይሉ ላይ ስለሆነ የሚያየው የፋይሉን ታክስ ነው፤ ሥራ ውስጥ ያለውን 2 አያውቀውም። እንዲያውቀው ከተፈለገ ታክስን እንደ ፓራሜትር (በፈንክሽኑ ቅንፍ ውስጥ እንደሚጻፍ ተቀባይ ስም) መቀበል አለበት። በባሽ ስክሪፕት ልምድ ያለው ሰው እዚህ ላይ ተቃራኒውን ይጠብቃል፤ ባሽ ውስጥ የተጠራው ፈንክሽን የጠሪውን ሎካል ቫሪያብል ያያልና። ሆኖም ፓይተን ውስጥ አስቀድሞ የሚወሰነው ስሙ የት እንደሚፈለግ ብቻ ነው፤ እሴቱ የሚነበበው በጥሪው ሰዓት ነው። ከጥሪው በፊት የፋይሉን ታክስ 10 ካደረጉት መልሱ 100.0 ይሆናል።

ወደ ሊስቱ እንምጣ። «ሽያጮች.አፔንድ(250)» ሲሉ ሽያጮች ለሚለው ስም ምንም እሴት አልሰጡም። ስሙን አንብበው፣ የሚያመለክተውን ሊስት አግኝተው፣ ሊስቱን ራሱን ለወጡት። ዘንቢል ውስጥ ሽንኩርት መጨመር ዘንቢሉን መቀየር አይደለም። ለዚህ ነው ኤረር የማይመጣው። ዲክሽነሪ ላይ አዲስ ቁልፍ ማስገባትም እንዲሁ ነው። ነገር ግን «ሽያጮች += [250]» ብለው ቢጽፉ ያው ኤረር ይመጣል፤ += ሊስቱን ቢጨምርም በመጨረሻ ለስሙ እሴት ስለሚሰጥ ሎካል ያደርገዋል። ቁጥርና ጽሑፍ ደግሞ በባሕርያቸው ከውስጥ አይለወጡም። ስለዚህ ቁጥር ላይ መጨመር ሁልጊዜ ለስሙ አዲስ እሴት መስጠት ነው፤ ለድምር የአፔንድ ዓይነት መንገድ የሌለው ለዚህ ነው።

ለፓራሜትርም ሕጉ ያው ነው። ሊስት ለፈንክሽን ሰጥተው ፈንክሽኑ አፔንድ ቢያደርግበት ለውጡ ውጭም ይታያል። ፈንክሽኑ ፓራሜትሩን «= []» ቢለው ግን የውጭው ሊስት አይነካም፤ የተቀየረው የውስጡ ስም የሚያመለክተው ነገር ብቻ ነው። እዚህ አጠገብ የታወቀ ወጥመድ አለ፦ «ዴፍ መዝግብ(ዋጋ, ዝርዝር=[])» ብሎ መጻፍ። ያ ባዶ ሊስት የሚፈጠረው የዴፍ መስመሩ ሲፈጸም አንድ ጊዜ ነው፤ በየጥሪው አይታደስም። ሁለተኛው ጥሪ የመጀመሪያውን ሽያጭ ይዞ ይነሳል። መፍትሔው «ዝርዝር=ነን» (ነን «ምንም የለም» የሚለው የፓይተን እሴት ነው) ብሎ መጀመርና፣ ነን ሆኖ ከተገኘ ውስጥ ላይ አዲስ ሊስት መፍጠር ነው።

ግሎባል ምን ያደርጋል? «ግሎባል ድምር» ማለት «በዚህ ፈንክሽን ውስጥ ለድምር እሴት ብሰጥም ሎካል አታድርገው፤ የፋይሉን ተጠቀም» ማለት ነው። ስሙ ፈንክሽኑ ውስጥ ከመነካቱ በፊት መጻፍ አለበት፤ ከዘገየ ሲንታክስ ኤረር ነው። የፓራሜትር ስምም ግሎባል ሊሆን አይችልም። ደግሞ ግሎባል ሲባል ለፕሮግራሙ በሙሉ የጋራ ማለት አይደለም፤ የአንዱ ፋይል፣ ማለትም የአንዱ ሞጁል ነው። ቅንብር በሚባል ፋይል ውስጥ ታክስ 15 ቢኖርና ሌላ ፋይል «ፍሮም ቅንብር ኢምፖርት ታክስ» ቢል፣ በዚያኛው ፋይል ራሱን የቻለ ታክስ የሚል ስም ይፈጠራል። ቆይቶ ቅንብር.ታክስ 10 ቢደረግ ይህኛው 15 እንዳለ ይቀራል። ለውጡን ማየት ካስፈለገ «ኢምፖርት ቅንብር» ብሎ ሁልጊዜ ቅንብር.ታክስ እያሉ መጥራት ነው።

ጓደኛዎ ግሎባልን የሚከለክልበት ምክንያት ኮዱ ስለማይሠራ አይደለም። ይሠራል። ችግሩ ጨምር(250) የሚለውን ጥሪ በዓይን አይቶ ምን እንደተለወጠ ማወቅ አለመቻሉ ነው። ፋይሉ 600 መስመር ሲደርስና ድምርን የሚነኩ ፈንክሽኖች አምስት ሲሆኑ፣ የተሳሳተው ድምር ከየትኛው እንደመጣ ለማወቅ አምስቱንም ማንበብ ግድ ነው። የነገውን ሽያጭ ሲደምሩ ድምርን ወደ 0 መመለስ ከረሱ የዛሬው ይቀጥላል። ፈንክሽኑን ለመፈተሽም በየጊዜው ድምርን ወደ 0 መመለስ ይጠይቃል። ፕሮግራሙን ዌብ ላይ ካዋሉት ደግሞ ጉዳቱ የከፋ ነው፦ በአንድ ሰርቨር ሂደት ውስጥ ያሉ ደንበኞች ሁሉ ያንኑ ድምር ይጋራሉ፤ የአንዱ ሽያጭ በሌላው ሒሳብ ላይ ይገባል። ሂደቶቹ ብዙ ከሆኑ በተቃራኒው እያንዳንዱ የራሱ ድምር ስለሚኖረው ቁጥሩ በየጥያቄው ይለያያል። በትሬድ (በአንድ ሂደት ውስጥ ጎን ለጎን በሚሄዱ ሥራዎች) ከተሠራም «ድምር = ድምር + ዋጋ» ማንበብ፣ መደመርና ማስቀመጥ የሚባሉ የተለያዩ እርምጃዎች ስለሆነ፣ ሁለት ትሬዶች አንዱን እሴት አንብበው አንዱ ጭማሪ ሊጠፋ ይችላል።

ትክክለኛው መንገድ ፈንክሽኑ የሚያስፈልገውን በፓራሜትር ተቀብሎ ውጤቱን በሪተርን መመለሱ ነው፦

ዴፍ ጨምር(ድምር, ዋጋ):
    ሪተርን ድምር + ዋጋ

ድምር = 0
ድምር = ጨምር(ድምር, 250)

በዚህ ሽግግር ላይ አንድ ስሕተት በብዛት ይታያል፤ ጥሪውን «ጨምር(ድምር, 250)» ብሎ ብቻ መተው። ፈንክሽኑ 250 መልሷል፣ የተቀበለው ግን የለም፤ ድምር 0 እንዳለ ነው። ኤረርም አይመጣም። ውስጥ ያለው ድምርና ውጭ ያለው ድምር ስማቸው ይመሳሰል እንጂ ሁለት የተለያዩ ናቸው፤ የሚያገናኛቸው ሪተርንና የእኩል ምልክቱ ብቻ ነው።

የማይለወጥ ነገርን፣ እንደ 15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ ያለውን፣ ፋይሉ ራስጌ ላይ አስቀምጦ ከፈንክሽን ውስጥ ማንበብ ግን ምንም ነውር የለበትም። ፓይተን ጸሐፊዎች እንዲህ ያለውን ቋሚ በትልልቅ የእንግሊዝኛ ሆሄያት ይጽፉታል። ፊደላችን ትልቅና ትንሽ ስለሌለው «ቋሚ_ታክስ» እንደሚል ያለ መነሻ ቢያስቀድሙ፣ አንባቢው የማይነካ መሆኑን ያውቃል።

በእርግጥ ከጥሪ ወደ ጥሪ ማስታወስ የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ። ያኔ ክላስ መጻፍ፣ ወይም ፈንክሽን ውስጥ ፈንክሽን መጻፍ ይቻላል፦

ዴፍ መዝጋቢ():
    ድምር = 0
    ዴፍ ጨምር(ዋጋ):
        ኖንሎካል ድምር
        ድምር = ድምር + ዋጋ
        ሪተርን ድምር
    ሪተርን ጨምር

ጠዋት = መዝጋቢ()
ማታ = መዝጋቢ()

ጠዋት(100) 100 ይሰጣል፤ ጠዋት(50) 150፤ ማታ(30) ደግሞ 30። ሁለቱ አይነካኩም፣ መዝጋቢ በተጠራ ቁጥር አዲስ ድምር ስለሚፈጠር። ኖንሎካል የሚለው የቅርቡን የውጭ ፈንክሽን ስም ያመለክታል፤ ፋይሉ ድረስ አይወጣም። ወደ ቋንቋው የገባው በ2008 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከወጣው ፓይተን 3.0 ጋር ነው። በቆየ ኮድ ውስጥ አንድ ቁጥር ብቻ የያዘ ሊስት ለዚህ ሥራ ሲያገለግል ካዩ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ፈንክሽን በሉፕ ውስጥ ሲፈጠር ግን ይጠንቀቁ፦

ተግባሮች = []
ፎር ቁ ኢን ሬንጅ(3):
    ተግባሮች.አፔንድ(ላምዳ: ቁ)

ሦስቱንም ቢጠሯቸው 0፣ 1፣ 2 አያገኙም፤ ሁሉም 2 ይመልሳሉ። ላምዳው (ስም የሌለው አጭር ፈንክሽን) የያዘው ስሙን ነው፤ እሴቱን የሚያነበው ሲጠራ ነው፤ በዚያን ጊዜ ሉፑ አልቆ ቁ 2 ላይ ቆሟል። በቲኪንተር (የፓይተን መስኮትና በተን መሥሪያ) በሉፕ የተሠሩ በተኖች ሁሉ የመጨረሻውን ዕቃ ብቻ የሚሸጡት በዚህ ነው። «ላምዳ ቁ=ቁ: ቁ» ብለው ከጻፉ ዲፎልቱ ላምዳው ሲፈጠር ስለሚያዝ እያንዳንዱ የራሱን ይይዛል።

ከጃቫ ወይም ከሲ የመጣ ሰው ኢፍና ፎርም የራሳቸው ስኮፕ ያላቸው ይመስለዋል። ፓይተን ውስጥ የላቸውም። የሉፑ ቫሪያብል ከሉፑ በኋላም የመጨረሻ እሴቱን ይዞ ይቆያል። (ሊስት ኮምፕርሄንሽን፣ ማለትም ሊስትን በአንድ መስመር የሚሠራው አጻጻፍ፣ ግን በፓይተን 3 ቫሪያብሉን ወደ ውጭ አያፈስም።) ከዚህ የሚመጣው ስውር ስሕተት ይህ ነው፦

ዴፍ ክፍያ(ዋጋ):
    ኢፍ ዋጋ > 1000:
        ቅናሽ = 50
    ሪተርን ዋጋ - ቅናሽ

በ1200 ይሠራል፤ በ800 ያው አንባውንድ ሎካል ኤረር ይመጣል። በትልልቅ ዋጋ ብቻ ሲፈተሽ የቆየ ፕሮግራም ደንበኛ ፊት የሚወድቀው እንዲህ ነው። ከኢፉ በፊት «ቅናሽ = 0» ማለት ይበቃል። ጃቫስክሪፕት ውስጥ በቫር የተገለጸ ስም እንዲሁ ከብሎኩ ይወጣል፤ ከ2015ቱ የቋንቋው እትም ጀምሮ ያሉት ሌትና ኮንስት ግን በብሎካቸው ይቀራሉ።

አብሮ ገብ ስሞችንም አይሸፍኑ። ለድምር የእንግሊዝኛውን «ሰም» ስም ቢሰጡት፣ ከዚያ በኋላ ሰም የሚባለውን ፈንክሽን ሲጠሩ «ኢንት ሊጠራ አይችልም» የሚል ታይፕ ኤረር ይመጣል፤ ፍለጋው ፋይሉ ላይ ቁጥሩን ስላገኘ ወደ መጨረሻው እርከን አይደርስም።

ስሞችን በፊደላችን ለሚጽፍ ሰው የራሱ አደጋ አለ። ለፓይተን ሂሳብ፣ ሒሳብ እና ኂሳብ ሦስት የተለያዩ ስሞች ናቸው፤ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንዲሁ። ሲያነቡ ብቻ ከሳቱ ኔም ኤረር ያስጠነቅቃል። እሴት ሲሰጡ ከሳቱ ግን ምንም አይልም፤ በአዲሱ አጻጻፍ አዲስ ቫሪያብል ይፈጠርና የድሮው ሳይነካ ይቀራል። ከፕሮጀክቱ መጀመሪያ ላይ የትኛውን ሆሄ እንደሚጠቀሙ ይወስኑ። ከዴፍ መስመር መጨረሻ ያለው ሁለት ነጥብና በፓራሜትሮች መካከል ያለው ኮማም የእንግሊዝኛው ኪቦርድ ምልክቶች ናቸው፤ በ፡ ወይም በ፣ ከተተኩ ሲንታክስ ኤረር ይሆናል።

የእርስዎ ፕሮግራም ያለ ግሎባል እንዲህ ይጻፋል፦

ቋሚ_ታክስ = 15

ዴፍ ደምር(ሽያጮች):
    ድምር = 0
    ፎር ዋጋ ኢን ሽያጮች:
        ድምር += ዋጋ
    ሪተርን ድምር

ዴፍ ታክስ_ጨምር(መነሻ):
    ሪተርን መነሻ + መነሻ * ቋሚ_ታክስ / 100

የዛሬ = [250, 120, 480]
ንዑስ = ደምር(የዛሬ)
ፕሪንት(ንዑስ, ታክስ_ጨምር(ንዑስ))

ውጤቱ 850 እና 977.5 ነው። ደምር(የዛሬ)ን አሥር ጊዜ ቢጠሩት አሥሩንም ጊዜ 850 ይመልሳል፤ «ድምር = 0» የሚለው ፈንክሽኑ ውስጥ ስላለ በየጥሪው አዲስ ይጀምራልና። እዚህ += ኤረር የማያመጣውም ለዚሁ ነው፦ ድምር ሎካል ነው፣ ከመነበቡ በፊትም እሴት አግኝቷል።